የቁምሳጥኑ መስታወት

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «እኔ የምልሽ፣ ሌላ ቦታ የተመረመሩት ሠራተኞቼ በሙሉ ጆሯቸው ደህና ነው ተብለው መጡ። አንቺ ጋ ከላክኋቸው ግን ከሦስቱ ሁለቱ ወደቁ። መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ።

«መሣሪያው ደህና ነው። የቁምሳጥኑን መስታወት ስለሸፈንኩት ነው» አልኩት።

«አልገባኝም።»

«ይገባሃል» ብዬ ዘጋሁት።

ጓደኞቼ ይህ አፍሽ አንድ ቀን እንጀራሽን ያሳጣሻል ይሉኛል። ያሳጣኛ! እኔ ሃሌሉያ የዝናሽ ልጅ ነኝ። ጆሮ መመርመር እንጀራዬ የሆነው ራሱ በአንድ መስታወት የተነሳ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን እብድ መስዬ እቀራለሁ፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

በ2000 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዝናሽ ጆንያ በሚሸምን ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። አባቴ ጅቡቲ ደርሼ እመጣለሁ ብሎ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። የምንኖረው ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ነበር። በግድግዳ የምትዋሰነን ኢድል ትባላለች። መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሶማሌ ልጅ ናት፤ ፋብሪካም ውስጥ ከእናቴ ጎን ባለው ማሽን ላይ ነው የምትሠራው። አማርኛዋ ውስጥ ሶማሊኛው፣ ሶማሊኛዋ ውስጥ ኦሮምኛው እየገባ ስታወራ ድሬ ያልተወለደ ሰው ግራ ይጋባል። እኛ ግን ያደግንበት ነው።

እናቴ ከእናቷ የወረሰችው የወርቅ ጉትቻ ነበራት። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ የምታደርገው ለጥምቀትና ለሰርግ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራ ሄዳ ሳለ አወጣሁት። ሁለቱንም ጆሮዬ ላይ አንጠለጠልኩና ደቻቱ ወረድኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር። እኔ ሙሽራ፣ የሰፈሩ ልጆች ሚዜ ሆነን ስንጨፍር ዋልን። ቤት ስገባ ጉትቻው አንድ ብቻ ሆኗል። ተመልሼ ሄድኩ፤ ጥፍሬ እስኪደማ አሸዋውን ማስኩት። የለም። የቀረውን አንዱን በጥጥ ጠቅልዬ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት።

እናቴ ምንም አላለችም። እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ምንም አላለችም፤ ግን ከዚያው ሳምንት ጀምሮ መልስ ትነፍገኝ ጀመር። ልብስ ስታጥብ ከኋላዋ ቆሜ «እማ!» እላለሁ፣ ዝም። «እማ፣ ራበኝ!» ዝም። ምናለ ዞር ብላ እንኳ ብትሰድበኝ! የግቢው ባለቤት ጋሽ ጥሩሰው ግን በዚያ በወፍራም ድምፁ ከበሩ ላይ «ዝናሽ!» ካላት፣ «አቤት!» ብላ ወዲያው ትዞራለች። ለሱቅ ባለቤቱ ለዐብዱልዓዚዝ አቤት አለ። ለባጃጅ ነጂው አቤት አለ። ለእኔ ብቻ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አውቃብኛለች፤ እስክናዘዝ ድረስም በዝምታ እየቀጣችኝ ነው። እንዲህ ብዬ ደመደምኩ።

የባሰው ደግሞ ከኢድል ጋር የሚያደርጉት ነገር ነበር። አንዷ ከቧንቧው አጠገብ፣ አንዷ ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ያወራሉ። መሃል ላይ ይስቃሉ፤ አንዳንዴም ወደ እኔ ያያሉ። በቃ፣ እኔኑ እያሙኝ ነው፣ ስለ ጉትቻው ነው፣ እላለሁ።

ዛሬ ስለማውቀው ልንገራችሁ። ያ የሽመና አዳራሽ ውስጥ ሰው ጆሮህ ሥር መጥቶ ቢጮህ አይሰማም። ሴቶቹ ከማሽን ማሽን የሚያወሩት በከንፈር ነበር። አፋቸው ለመደውና ቤትም ሲገቡ ቀጠሉበት። የሚያወሩት ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ፎርማኑ ጉራ ነበር። እኔን የሚያስታውሰኝ እንኳ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የሳይንስ መምህራችን ፋራህ አንድ ትልቅ ጆሮ በክንዱ ታቅፎ ክፍል ገባ። ከደቻቱ ጭቃ የሠራው ነው፤ መጠኑ ሐብሐብ ያህላል። እኛ በሳቅ ልንሞት ሆነ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ ፋራህ። «አቦ፣ እናንተ ጆሮ የምትሉት ይሄ ከውጭ የተንጠለጠለው አይደል? ጉትቻ የምታደርጉበት፣ እኔ ስናደድ የምይዘው? ይሄ ጆሮ አይደለም። የጆሮ በር ነው። ቤቱ ውስጥ ነው።»

ጉትቻ ሲል አንገቴን ደፋሁ።

ጭቃውን ለሁለት ከፈለው። ውስጡ የቱቦ ቁራጭ አለ፤ ድምፅ የሚገባበት መተላለፊያ። ከቱቦው ጫፍ ላይ የፊኛ ላስቲክ ወጥሯል፤ ታምቡር። ከታምቡሩ ጀርባ ከዶሮ አጥንት ያበጃቸው ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘዋል፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ። «በሰውነታችሁ ውስጥ ከእነዚህ የሚያንስ አጥንት የለም» አለ። ታምቡሩን በጣቱ ሲነካው አጥንቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ የመጨረሻው አጥንት ደግሞ አንድ እውነተኛ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነካ።

«የሚሰማው እዚህ ነው» አለ ቅርፊቱን እያሳየን። «እዚህ ውስጥ ውሃ አለ። በውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ድምፅ ሲመጣ እንደ ማሽላ ማሳ ይወዛወዛሉ። እነሱ ሲወዛወዙ ለጭንቅላታችሁ ወሬው ይደርሰዋል።»

«መምህር፣ ፀጉሩ ቢቆረጥ ተመልሶ ያድጋል?» አለ ቦና የሚባል ከፊት የሚቀመጥ ልጅ።

«አያድግም ወላሂ። የራስ ፀጉር መሰለህ? አንዴ ከወደቀ ወደቀ።»

ያን ቀን ቤት የገባሁት በሩጫ ነው። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሙቀት በሯን ዘግታ የምትተኛበት ነበር፤ እናቴም ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላለች። የኢድልን ባትሪ ይዤ አጠገቧ ተንበረከክኩና ጆሮዋን በስሱ ጎተት አድርጌ ወደ ውስጥ አበራሁ። በሩ ደህና ነው። መተላለፊያው ንጹሕ ነው፤ ኩክ እንኳ የለውም። የተቀደደ ነገር፣ የተዘጋ ነገር አላየሁም። እንግዲህ ጆሮዋ ይሠራል ማለት ነው። ጆሮዋ እየሠራ የማትመልስልኝ ከሆነ፣ ጠልታኛለች። ባትሪውን አጥፍቼ እዚያው አጠገቧ ድምፄን ውጬ አለቀስኩ።

ፋራህ ቤቱ ውስጥ ነው ብሎኝ እኔ በሩን አይቼ ተመለስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሲኮን እንዲህ ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ልምጣ። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ የሠራተኞቹን ጆሮ ያስመረምር ነበር። ፈተናው ሲቃረብ እናቴና ኢድል ቤታችን ውስጥ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትቀመጣለች፤ ኢድል ከኋላዋ ሆና የሳይክል ቀይ መብራት ብልጭ ታደርጋለች። መብራቱ በመስኮቱ መስታወት ላይ ሲታይ እናቴ እጇን ታነሳለች። በቀኝ ሲታይ ቀኝ፣ በግራ ሲታይ ግራ።

«ቶሎ አታንሺ» ትላለች ኢድል። «አባዮ፣ ቆጠብ በይ እንጂ! እንደ ሌባ አትቸኩዪ። ትንሽ የምታዳምጪ ምሰዪ።» አባዮ እህቴ ማለቷ ነው።

«ዘንድሮ ካገኙብን በቃ ይሸኙናል» ትላለች እናቴ።

እኔ ሽኝት የማውቀው ለስላሳና ኬክ ያለበትን የትምህርት ቤቱን ነው። ምን ያስፈራቸዋል እያልኩ ይገርመኝ ነበር። ጨዋታውን ግን ወደድኩት። ኢድል ደስ ያላት ቀን ለእኔም ታበራልኝና እጄን አነሳለሁ። ከእናቴ የበለጠ ፈጣን ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ሽመክት ተመርማሪዎቹን ሴቶች ወንበር ላይ ያስቀምጥና በስተጀርባቸው ማሽኑን ይነካካል። ድምፅ በለቀቀ ቁጥር ማሽኑ ላይ፣ ለቀኝ ጆሮ በቀኝ ለግራ በግራ፣ ቀይ መብራት ይበራል። ሴቶቹ ፊት ለፊት ደግሞ የመድኃኒት ቁምሳጥን አለ፤ በሩ መስታወት ነው። መብራቱ እዚያ ላይ ይታያል። ይህን መጀመሪያ ያየችው ማን እንደሆነች አላውቅም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን የሽመናው ክፍል ሴት ሁሉ አወቀችው። ጆሯቸው እየደከመ ሄደ፤ ወረቀታቸው ግን በየዓመቱ «ጤነኛ» እያለ ይወጣል። ፋብሪካውን የሸወዱት መስሏቸው ነበር። እንጀራቸውን ለማዳን ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእናቴ ማሽን ቀበቶ መበጠስ ጀምሮ ፎርማኑ ከኋላዋ «አቁሚ! አቁሚ!» ብሎ ይጮሃል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ወፍራም ድምፅም አይደርሳትም። አላቆመችም። ማሽኑ ጨሰና ተቃጠለ። ደብዳቤው «የአለቃን ትእዛዝ በመናቅ ንብረት አቃጥለሻል» ይላል፤ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠች ከሥራ ተሰናብታለች። ያን ምሽት ኢድል እኛ ቤት ገባች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ የተኛሁ መስዬ።

«አልሰማሁም በያቸው» አለች ኢድል።

«እሱን ስል የሦስት ዓመት ወረቀት ያወጡብኛል። ጆሮዋ እንደ ሌሊት ወፍ ነው ብሎ ሽመክት ፈርሟል።» እናቴ በዚያን ጊዜ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው፤ የምትቆጣ ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂ። ንቄ ነው በይና እግሩ ላይ ውደቂ። ምን ይደረግ? ልጅ አለሽ።»

«አልናቅኩም!» አለች። «ያልናቅኩትን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ጆሮዬን በሉት፤ አሁን ደግሞ ስሜን ሊበሉ ነው? እምቢ! ሞቼ ነው ቆሜ!»

 ኢድል ቀጥላ የተናገረችው ከማልቀስ ጋር ነበር። «እኛስ? መስታወቱን ከተናገርሽ እኮ ሁላችንም አለቅን። አሥራ ምናምን ሴት ነን።»

 የእናቴን ፊት ባየው እንዴት ደስ ባለኝ። ከዚያ፣ «መስታወቱን አልናገርም» አለች። «ማንንም አልነካም። ዓይኔን ሸፍኜ እገባለሁ።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ያን ጨዋታ ሆን ብላ ልትሸነፍ ነው። ከተሸነፈች ያባርሯታል። ለምን? ተስፋ ቆርጣ ነዋ! ወርቋን የጣለች ልጅ ይዛ ምን ተስፋ አላት? ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ማዳኑም የእኔ ነው። እሷ ካላነሳች እኔ እጄን አነሳላታለሁ ብዬ ያን ሌሊት ወሰንኩ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት ይዛኝ ሄደች። ኢድልም ለምስክርነት ብላ ተከተለችን። ድልድዩን ስንሻገር ሙቀቱ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀምሮ ነበር። ክሊኒኩ ከሽመናው አዳራሽ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ጠባብ ክፍል ነው፤ ወለሉ በማሽኖቹ ጉርምርምታ ይንቀጠቀጣል። ሽመክት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ አላበው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለየሱስ እጁን አጣምሮ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«ምንድን ነው የፈለግሽው?» አላት።

«እንደገና መርምሩኝ። አንተ ባለህበት» አለች እናቴ።

ሰውየው ፊቱ ተቀያየረ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በድሬ ልጅ አፍ አንቱታ እንደማይበረክት፣ አዛውንትም ቄስም «አንተ» እንደሚባል የነገረው የለም። «አንተ አለችኝ እኮ!» አለ ወደ ሽመክት ዞሮ። «ይኸው፣ ንቀት ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?» 

እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ቁምሳጥኑ አለ፤ መስታወቱ ተወልውሎ ያበራል። አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አወረደችና አራት አጥፋ ዓይኖቿ ላይ አሰረችው። ጎትታ አጠበቀችው።

«ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።  ሽመክት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

ቀዩ መብራት በራ። እናቴ እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው። ጠፋ፤ በግራ በራ። እጇ አልተነሳም። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ቀኝ እጄን አነሳለሁ፣ ግራ እጄን አነሳለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽመክት አንዱን ቁልፍ እስከ ወፍራሙ ድምፅ አዙሮት ሳለ፣ እናቴ ቀስ ብላ አንድ ጣቷን አነሳች። ሽመክት ጻፈ። ማዳመጫውን አወለቀላት። እሷ ነጠላውን ሳትፈታ ቁጭ አለች።

«ወይዘሮ ዝናሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በዚያ ከደረት በሚወጣ ወፍራም ድምፁ።

«አቤት» አለች እናቴ።

«አያችሁ!» እጁን አጨበጨበ። «አያችሁ አይደል? ትሰማለች! ዓይን ሸፍኖ እጅ አለማንሳት ማን ያቅተዋል? ታስመስላለች። በቃ፣ አልቋል። ልጅቷንም አስወጡልኝ።»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ክንዴን ያዘኝ። አልቋል ሲል ሰማሁ። ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «እማ! እማዬ! ጉትቻሽን ደቻቱ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ! ይቅር በይኝና እጅሽን አንሺ! እማዬ፣ እጄን አመመኝ!»

እናቴ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣ ነበር። አልዞረችም። ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ ረጋ ብሎ፣ ሰዎቹ ምን እንደሚወስኑ ትጠብቃለች።

ተናዘዝኩ፤ ይቅር አላለችኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ዘበኛው ክንዴን ለቀቀው። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ እኔን ያያል፤ እሷን ያያል፤ መልሶ እኔን ያያል። ሽመክት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ኃይለየሱስ» አለ። «እጅ አለማንሳት ይቻላል። ልጅ እንዲህ ስትጮህ ግን ቁጭ የምትል እናት እኔ አላውቅም።»

ኢድል ሄዳ የእናቴን ትከሻ ነካቻት። እናቴ ነጠላውን ፈታች። ፊቴን አየች፤ ክንዴ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት አየች። ከወንበሩ የተነሳችበት ኃይል ወንበሩን ጣለው። «ማነው ልጄን የነካት? ማነው? ይናገራ!» እያለች ስትመጣ ዘበኛው ወደ ኋላ ሸሸ። አቀፈችኝ። እኔ ግን ማቀፏ አልገባኝም። ቅድም ስትጠላኝ አሁን እንዴት ነው የምታቅፈኝ እያልኩ እንደ እንጨት ደረቅኩባት።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት አስጽፎ አቀረበ። ደብዳቤው ተሰርዟል፤ የመስማት ችግሯ ግን በተፈጥሮ የመጣ ነው ይላል። «ፈርሚና ወደ ሥራሽ ግቢ» አላት።

እናቴ ወረቀቱን አነበበችና መለሰችለት። «አልፈርምም። እዚህ ስገባ ልጄ ጨቅላ ነበረች። ተኝታ ስትተነፍስ ከደጅ ሆኜ እሰማት ነበር። በተፈጥሮዬ እንደዚያ ነበርኩ። እሱን ጻፍ።»

«ሌሎቹ ደህና ሆነው አንቺ ብቻ?»

 እናቴ መስታወቱን ላትናገር ቃል ገብታለች። ሰውየው ፈገግ ሲል አየሁት። ያኔ ኢድል ወደ ፊት መጣች። የወደቀውን ወንበር አቃናችው። የትከሻዋን ሻርፕ አወረደች፤ ዓይኗ ላይ አሰረችና ተቀመጠች።

«ሽመክት» አለች፣ «ማሽኑን አታጥፋው።»

በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሴቶች በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አሥራ አንዱም ዓይናቸውን አስረው። ጉዳዩ ወደ መንግሥት ቢሮ ሄዶ ብዙ ወር ፈጀ። እናቴ ጆንያ ወደሚታጠፍበት ክፍል ተዛወረች፤ ወረቀቷም «ከሥራ የመጣ ጉዳት» የሚል ተጻፈበት። ለሽመናው ክፍል የጆሮ መሸፈኛ ታደለ። ሁለት ሴቶች ግን ኮንትራታቸው ሲያልቅ አልታደሰላቸውም። የእናቴም ጆሮ አልተመለሰም፤ ፋራህ አያድግም ብሎናል።

ትምህርቴን ስጨርስ ሽመክትን ፈልጌ አገኘሁት፤ ጡረታ ወጥቶ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ፋርማሲ ከፍቷል። ስለ መስታወቱ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። ለብዙ ጊዜ መድኃኒት ሲደረድር ቆየ። «ወንበሩን ወደ ቁምሳጥኑ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለኝ በመጨረሻ። «ከኃይለየሱስ በፊት የነበረው አለቃ፣ ወንበሩ ከዚህ እንዳይነቃነቅ ብሎኝ ነበር። ሁሉም ጤነኛ የሚል ወረቀት ለእነሱ ተስማሚ ነበር።» ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ የሳይክል መብራት! ሴቶቹ ፋብሪካውን ሸወድን ሲሉ፣ የሚፈልገውን ወረቀት በእጃቸው እየሞሉለት ነበር። ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለኝ፤ ያን ቅዳሜ የተናገራት ቃል ባትኖር ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር አደርገው ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጆሮ ምርመራ ትምህርት ላይ ሳለን አስተማሪያችን የቀንድ አውጣውን ስዕል ሰሌዳው ላይ ሳለ። ፀጉሮቹ በተራ የቆሙ ናቸው አለ። ወፍራም ድምፅ የሚቀበሉት ከጠመዝማዛው ጫፍ፣ ከመጨረሻው ላይ ናቸው። ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ደግሞ መግቢያው አጠገብ ናቸው፤ ጫጫታ ሲመጣ ቀድመው የሚረግፉትም እነሱ ናቸው። «ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ የወንድ ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን ድምፅ ያጣል» አለ። «መጀመሪያ የሚጠፋው የወፍ ድምፅ፣ የሕፃን ድምፅ ነው።»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ጥሩሰው፣ አቤት። ዐብዱልዓዚዝ፣ አቤት። እማ ራበኝ፣ ዝም። ያ አዳራሽ ከእናቴ መጀመሪያ የወሰደው የእኔን ድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ወንዶቹን ሰምታ እኔን ስለዘለለችኝ ስንት ዓመት ሙሉ ጠልታኛለች ብዬ ኖርኩ! ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ወጥቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ደቻቱ ዳር ያለው ግቢ ስደርስ እናቴ ከቧንቧው አጠገብ ምስር ትለቅም ነበር፤ ኢድልም ከጎኗ። ዞሬ ከፊቷ ተቀመጥኩ፤ ከንፈሬን እንድታይ ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጉትቻው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ባትሪው፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ከኋላዋ ስለጮህኩት።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ ኢድልን ጠርጥሬ ነበር!»

«እኔን? ወላሂ በጥፊ ነው የምልሽ!» አለች ኢድል ከንፈሯን አንብባ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እናቴ ቀስ በቀስ ሳቋን ተወችው፤ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ አገጬን ያዘችኝ።

«ያኔ ከኋላዬ ሆነሽ ስትጠሪኝ የነበረውን» አለች፣ «ሁሉንም ከፊቴ ሆነሽ ትደግሚልኛለሽ። አንዷንም እንዳትዘያት። የወሰዱብኝን አንድ በአንድ ነው የማስመልሰው።»

ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም።

«እማ» አልኩ።

«አቤት!» አለች፣ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ።